ያልተፈታ ቦንዳ

ልባሽ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ቦንዳ ሲገዛ አይፈታውም። በማሽን ታምቆ፣ በገመድ ተጠፍንጎ የመጣውን ጥቅል ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፤ ክብደቱን ይገምታል፤ በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያነባል፤ ከዚያ ብሩን ይቆጥራል። ሸሚዙ ቁልፍ ይኑረው አይኑረው፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ሒሳቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። (የዕቃውን ሕጋዊነት ለጉምሩክ እንተወው።) ስለዚህ መርካቶ ውስጥ በዚህ ሥራ የቆየ ሰው የሚመረምረው ቦንዳውን ሳይሆን ሻጩን ነው። ከማን ነው የመጣው? ባለፈው ያመጣው እንዴት ነበር? ቢበላሽ ማንን እይዛለሁ?

አዲስ ካቢኔ ሲሾም በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር ይህ ጥቅል ትዝ ይለኛል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቆመው ዝርዝሩን ያቀርባሉ። የእያንዳንዱ ዕጩ የትምህርትና የሥራ ታሪክ በአጭሩ ይነበባል። ጥቂት እንደራሴዎች ሐሳብ ይሰጣሉ። ከዚያ እጅ ይወጣል፤ ዝርዝሩ በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ያልፋል፤ ተሿሚዎቹ ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ነገሩ ያልቃል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ቦንዳው ወደ ምክር ቤቱ ከመድረሱ በፊት ማን አሰረው? በምን መዝኖ?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላት እንለይ፤ ጋዜጠኞችም ሳይቀሩ ያምታቷቸዋልና። ሚኒስትር ሰውየው ነው፤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ነው። ሚኒስትር ይሻራል፤ ሚኒስቴር ይታጠፋል ወይም ስሙ ይቀየራል። ካቢኔ የምንለው ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ስሙ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ ምክትላቸውን፣ ሚኒስትሮቹንና በሕግ የሚወሰኑ ሌሎች አባላትን ይይዛል።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። በዓለም ዜና "አዲሱ ፕሬዚዳንት ካቢኔያቸውን እየመረጡ ነው" ሲባል የሰማ ሰው እኛም ዘንድ ፕሬዚዳንቱ የሚሾሙ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሚመረጡት በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ለ6 ዓመት ነው። በመስከረም መጨረሻ የምክር ቤቶቹን የዓመቱን ሥራ በንግግር ይከፍታሉ። ሚኒስትር ግን አያጩም። ያ ሥልጣን በአንቀጽ 74 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የተሰጠ ነው፤ ዕጩዎቹን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት መካከል፣ ወይም አባል ሳይሆኑ ለሥራው ብቁ ከሆኑ ሰዎች መርጠው ያቀርባሉ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ሚኒስትር ለመሆን መመረጥ ግድ አይደለም ማለት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ማታ ስልክ ተደውሎለት በሳምንቱ ሚኒስትር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፤ የመጀመሪያው ካቢኔያችን ታሪክ ወደ ገበያ ያመጣናልና።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ። ብዙ ጊዜ ይህ የሚነገረው እንደ ሥልጣኔ ምልክት፣ ከስልክና ከባቡር ጋር ተደርድሮ ነው። ጊዜውን ለሚያይ ሰው ግን ሌላ ነገርም አለበት። ወራሽ ይሆናሉ ተብለው ሲጠበቁ የነበሩት ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ሞተዋል። በዚያው ዓመት ማግስት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ንጉሡ ቢያልፉ በኢትዮጵያ ምን ምን ጥቅማቸውን እንደሚያስከብሩ እርስ በርሳቸው ተዋውለዋል። የንጉሡ ጤናም መታወክ ጀምሯል። ካቢኔው የተወለደው "ከእኔ በኋላስ?" በሚል ጭንቀት ውስጥ ነው። ከመጀመሪያውም የሽግግር ልጅ ነበር።

የተሾሙት እነማን ነበሩ? ለጦሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ለፍርዱ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ፣ ለጽሕፈቱ የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ ለገንዘቡ በጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ። ልብ በሉ፤ አብዛኞቹ የየአገሩ ትልልቅ መሳፍንት አይደሉም። ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡና በግቢ ያደጉ ሰው ናቸው። ንጉሡ የመረጡት ሌላ አለኝታ የሌለውን፣ ከእጃቸው የበላውን ሰው ነው። የራሱ ግዛትና የራሱ ጦር ያለው መስፍን ቢቆጣ አገሩ ገብቶ ይሸፍታል፤ ግቢ ያደገው ግን ወዴት ይሄዳል?

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ነው። አሁን "ነጋድራስ" ሲባል አንድ የድሮ የክብር ስም ብቻ ይመስለናል፤ ያን ጊዜ ግን የሥራ ስም ነበር። ነጋድራስ የገበያ ሹም ነው፤ ቀረጥ ይሰበስባል፤ በነጋዴና በነጋዴ መካከል ሙግት ሲነሳ ይዳኛል፤ የውጭ አገር ሰው ሲከስና ሲከሰስም ጉዳዩ እሱ ዘንድ ይመጣል። ገበያው በዚያን ዘመን አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። መርካቶን ወደ ምዕራብ አውጥቶ "የአገሬው ገበያ" ብሎ የተከለው በወረራው ዘመን ጣሊያን ነው፤ ፒያሳን ለነጩ ለመተው ነበር ሐሳቡ። አዲስ ከተማ የሚለው ስምም ከዚያው የመስፋፋት ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

ምኒልክ ታዲያ የአዲስ አበባውን ነጋድራስ የንግድም የውጭ ጉዳይም ሚኒስትር አድርገው ሾሙት። ለዛሬ ሰው ጥምረቱ ያስቃል፤ አንድ ሰው ጠዋት የበርበሬ ቀረጥ፣ ከሰዓት የፈረንሳይ መልእክተኛ! ግን እውቀት አለበት። በከተማው የነበረው የውጭ አገር ሰው በአብዛኛው ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና የመናዊው ነጋዴ ነበር። የውጭ መልእክተኞቹ ክርክር ቢፈለፈል ሥሩ ብዙ ጊዜ ዕዳና ቀረጥ ነው። ይህን ክርክር በየቀኑ እየሰማ የኖረ ሰው ማን ነው? ነጋድራሱ። በኔ ግምት ከዚያ ካቢኔ ሥራውን አስቀድሞ ሲሠራው ቆይቶ ሚኒስትር ስሙ ኋላ የተለጠፈበት ሹመት እንደዚህ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ የለም። ስሙ ከሥራው ቀድሞ የሚመጣበት ዘመን ኋላ ነው የመጣው።

ያ ካቢኔ ሁለት ነገሮችን በአንድ ሰው ውስጥ ፈልጓል፦ ታማኝነትና ችሎታ። ሦስተኛው ሚዛን፣ ውክልና፣ ገና አልመጣም። ሕዝቡ በሹመቱ ውስጥ ቃል ያገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም በድምፅ ሳይሆን በሰልፍና በጠመንጃ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ የሚባሉት ወታደሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ሚኒስትሮቹ በጉቦና በበደል ከሕዝብ ጋር ተጣልተዋልና ይሻሩ ብለው ጠየቁ። ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ተሻሩ። አንድ ቦንዳ ተፈትቶ አንድ ልብስ ብቻ የሚለበስ ሆኖ ሲገኝ እንደማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሚኒስትር መሾምን ለረጅም ጊዜ ለማንም አላጋሩም። ሰውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር፣ አንዱን ሲያነሱ የሌላውን ልብ ማስጨነቅ የአገዛዛቸው ጥበብ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የራሱን ሚኒስትሮች መርጦ እንዲያቀርብ የተፈቀደለት በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ነው፤ እሱም የንጉሡ ይሁንታ ሳይቀር። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ በዚህ ሥልጣን 8 ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ በየካቲት 1966 የአብዮቱ ማዕበል ሲነሣ፣ ከነካቢኔያቸው ለቀቁ። እንዳልካቸው መኰንን ተተኩ። አዲሱ ካቢኔ አዲስ ፊት ነበረው፤ የተማረም ነበር። ግን ጎዳናው "አሮጌው ወይን በአዲስ ጠርሙስ" ከማለት አልተመለሰም፤ 5 ወር አልቆየም። በኅዳር 1967፣ ሁለቱም ጠቅላይ ሚኒስትሮች በደርግ ጥይት ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል ሆኑ። ሚኒስትርነት በአገራችን ከነፍስ ጋር የተያያዘ ሥራ የሆነበት ጊዜ እንደነበረ አንርሳ።

የሦስቱን ሚዛኖች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ያየሁት የመጀመሪያው ቦታ የ1983ቱ የሽግግር ቻርተር ነው። ደርግ ወድቆ፣ በሰኔ መጨረሻ በአፍሪካ አዳራሽ ጉባኤ ተደርጎ፣ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ተቋቋመ። መለስ ዜናዊ ፕሬዚዳንት፣ ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ቻርተሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮችን ሲያጭ ሰፊ ብሔራዊ ውክልናን፣ የሙያ ችሎታንና ለቻርተሩ ያለ ጽኑ እምነትን እንዲያይ አዘዘ። ከላይ ያሉት ዋና ዋና ሹሞችም ከተለያየ ብሔር እንዲሆኑ ደነገገ። ውክልና፣ ችሎታ፣ ታማኝነት፤ ሦስቱም አሉ። ያልተጻፈው፣ ሦስቱ ሲጋጩ የትኛው ይቀድማል የሚለው ነው።

እቁብ የገባ ሰው ይህን ግጭት ያውቀዋል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሲመረጡ አንዱ ሒሳብ የሚችል ይፈልጋል፤ ሌላው ብሩን ይዞ የማይጠፋ፤ ሌላው ደግሞ "ከእኛ ተራ ሰው ለምን አይገባም?" ይላል። ሸማ ተራም ቆርቆሮ ተራም ያንኑ ይጠይቃሉ። እቁብ ግን አንድ ብልሃት አለው፦ ዋስ። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይወስድም፤ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። የሚኒስትር ዋስ ማን ነው? እስካሁን ባየነው ልማድ ፓርቲው ነው። ለዚህ ነው ታማኝነት ብዙ ጊዜ ሌሎቹን ሚዛኖች የሚጫናቸው፤ ዋሱ መጀመሪያ የሚያስበው ለራሱ ኪሳራ ነውና።

ችሎታ ብቻውን የተሞከረበት ጊዜም አለ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም.፣ አገሪቱ በተቃውሞ ተናውጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ማግስት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ 30 አባላት ያሉት ካቢኔ አቀረቡ። 21ዱ አዲስ ነበሩ፤ የዶክትሬት ማዕረግ ያለው ሰው በብዛት የታየበት ነበርና የከተማው ሰው ብዙ ቀልዶበታል። ከዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 2010፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ለቀቁ። ምሁራኑ ሰነፎች ስለነበሩ አልነበረም። ሕዝቡ ሲጠይቅ የነበረው ሚኒስትሩ የት ተማረ ብሎ ሳይሆን ከሚኒስትሩ በላይ ማን ነው የሚወስነው ብሎ ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የመጀመሪያ ዝርዝራቸውን ሚያዝያ 11 አቀረቡ። 17 ቀን መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን የቀጣዩን ዓመት ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2011 ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ከ28 ወደ 20 ወረዱ፤ ከ20ዎቹ 10 ሚኒስትሮች ሴቶች ሆኑ። አይሻ መሐመድ የመከላከያ፣ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ የነበሩት ሙፈሪያት ካሚል አዲስ የተቋቋመው የሰላም ሚኒስቴር ኃላፊ ሆኑ። ዓለም ስለ ግማሽ በግማሹ ጻፈ፤ ተገቢም ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ከዝርዝሩ በፊት የጸደቀው አዋጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 1097/2011 ፖሊሱን፣ የደኅንነት አገልግሎቱንና ሌሎችንም ከሰላም ሚኒስቴር ሥር አስገባ። ወንበሩ ከሰው ይቀድማል። ማን ምን ያህል ሥልጣን እንደሚይዝ የሚወሰነው ስሙ ሲነበብ ሳይሆን ወንበሩ ሲለካ ነው፤ ያን ቀን ግን ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

ነጋዴው ይህን በራሱ በር ላይ አይቶታል። ንግድ ሚኒስቴር የነበረው በ2011 ንግድና ኢንዱስትሪ ሆነ፤ በ2014 በአዋጅ 1263 ኢንዱስትሪው ራሱን ችሎ ሲወጣ የቀረው ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ተባለ። ማኅተም ለሚቀርጽና ታፔላ ለሚጽፍ ሰው መልካም ዘመን ነበር።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ፤ እዚያ በእርግጥ ፕሬዚዳንቱ ነው የሚሾመው። የ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሕገ መንግሥታቸው የካቢኔ አባላትን ከ14 እስከ 22 አድርጎ ወስኗል፤ የፓርላማ አባል ሆኖ ሚኒስትር መሆንም ከልክሏል። እያንዳንዱ ዕጩ በአፈ ጉባኤው በሚመራ ኮሚቴ ፊት ለየብቻው ይቀመጣል፤ ሀብቱን ይናገራል፤ ዜጋው በጽሑፍ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የወጣቶች ተቃውሞ በርትቶ ፕሬዚዳንት ሩቶ ካቢኔያቸውን ከሞላ ጎደል ከበተኑ በኋላ ባቀረቡት አዲስ ዝርዝር ምክር ቤቱ አንዷን ዕጩ መልሷል። አንድ ብቻ ናት፤ ግን ቦንዳው ተፈትቶ ታይቷል። አሜሪካም ውስጥ በኖቬምበር ከሚደረገው ምርጫ እስከ ጃንዋሪ 20 ባለው ከሁለት ወር በላይ ጊዜ የሚደረገው ሩጫ ይኸው ነው፤ ሴኔቱ ዋናዎቹን ሹሞች አንድ በአንድ ጠርቶ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ በ2014 በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሐላና በሚኒስትሮቹ ሹመት መካከል የነበረው 2 ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንድ በአንድ መጠየቅን አይከለክልም። ልማዱ ነው የሌለው።

ደግሞ አንድ ነገር፤ መርካቶ ያለ ነጋዴ ለሚኒስትሩ ስም ያን ያህል ግድ የማይሰጠው አለምክንያት አይደለም። ሚኒስትር ዴኤታዎችን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ስለሚሾሙ ዝርዝራቸው ምክር ቤት አይቀርብም። የአነስተኛውና የመካከለኛው ነጋዴ ፋይልም ከፌዴራሉ ይልቅ ያለው ወረዳው፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማና የከተማው ንግድና ገቢዎች ቢሮዎች ዘንድ ነው። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ በርትቶ መርካቶ ውስጥ ሱቆች ለቀናት ሲዘጉ ሰው ሲጠይቅ የነበረው ስለ ቢሮዎቹ ነው። ለዚህ ሰፈር ዋናው ካቢኔ የከንቲባው ካቢኔ ነው።

በከተማዋ ቻርተር መሠረት ከንቲባውን 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፤ ከንቲባው ደግሞ የቢሮ ኃላፊዎቹን አቅርቦ ያስጸድቃል። በ2010 ሕጉ ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጭ የመጣ ሰው በምክትል ከንቲባነት ከተማዋን እንዲመራ በር ተከፈተ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማ በዚያ በር ገቡ። ወይዘሮ አዳነች አቤቤም መጀመሪያ ምክትል ከንቲባ ሆነው ነው የመጡት፤ ከዚያ መስከረም 18 ቀን 2014 ከንቲባ ሆነው ካቢኔያቸውን አቀረቡ። በ2011ዱ ካቢኔ የገቢዎች ሚኒስትር የነበሩ ሰው ስለሆኑ መርካቶን ከግብሩ በኩል አስቀድመው ያውቋታል።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ስለ ካቢኔ ምርጫ ሳስብ ወደ አእምሮዬ ቶሎ የሚመጣው ያልተሾመ ካቢኔ ነው። በግንቦት 1997 ምርጫ መርካቶን ጨምሮ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠ። ቅንጅት ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መረጠ። ርክክቡ በክርክር ላይ እያለ የጥቅምት 1998 ሁከት መጣ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከተማዋን ከ1998 ግንቦት ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ያዛት። ተመራጩ ከንቲባ የንግድ ቢሮ ኃላፊ፣ የገቢዎች ኃላፊ፣ የትምህርት ኃላፊ ብለው ስም የሚያነቡበት ቀን አልመጣም።

መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. 22 ሚኒስትሮች ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀረቡ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስቱ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ነበሩ፦ ከአብን በለጠ ሞላ፣ ከኦነግ ቀጄላ መርዳሳ። ሦስተኛው የትምህርት ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ ናቸው። የራሳቸውን ዝርዝር ለማንበብ ከተመረጡ 16 ዓመት አልፏል፤ ስማቸው የተነበበው በሌላ ሰው ዝርዝር ውስጥ ነው።